ከአንድ ቀን በፊት የደረሱት ንጉሥ

ወንድሜ፣

ባለፈው እሑድ እናትህን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኘኋቸው። «ትጻጻፋላችሁ?» ሲሉኝ አፍሬ «አዎን» አልኩ። ሦስት ዓመት ዝም ካልኩ በኋላ ዛሬ የምጽፍልህ ውሸቴ እውነት እንዲሆን ነው።

ይህን የምጽፈው እዚሁ አዳማ፣ ማደያ ፊት ለፊት ካለች ቡና ቤት ተቀምጬ ነው። ቤንዚን አልቋል፤ ሞተሬ ከባጃጆቹ ኋላ ተሰልፋለች፤ ሁላችንም ከጅቡቲ የሚመጣውን ቦቴ እንጠብቃለን። ወደ ኩዌት ልትሄድ ስትል «ነዳጅ ያለው አገር አምባሳደር አያሻውም» ብለኸኝ ተጣልተን ነበር። ሰልፉ ያንን ክርክር አስታወሰኝ።

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ በስዊዝ ቦይ መራራ ሐይቅ ላይ፣ ኩዊንሲ በተባለችው መርከብ፣ ጃንሆይን ተቀበሉ። ጃንሆይ የባሕር በር ጥያቄ ይዘው ነበር። በማግስቱ በዚያው መርከብ የሳዑዲው ንጉሥ ኢብን ሳዑድ መጡ። የተነጋገሩት በአብዛኛው ስለ ፍልስጤም ነው፤ ነዳጁን ማንሣት ምን ያስፈልጋል? በ1930 ዓ.ም. ደማም ላይ ያገኙት አሜሪካውያኑ ራሳቸው ነበሩ። ዛሬ የአሜሪካና የሳዑዲ ወዳጅነት ሲተረክ ከዚያች መርከብ ይጀመራል። ከአንድ ቀን በፊት የደረሱትን የእኛን ንጉሥ ማን ያነሣቸዋል? ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

ከሁሉ የባሰው ግን 1966 ነው። ዓረቦች በእስራኤልና በደጋፊዎቿ ላይ ነዳጅን መሣሪያ ባደረጉበት በዚያው ጥቅምት ጃንሆይ ወታደርና ፖሊስ ካሠለጠነችላቸው ከእስራኤል ጋር ግንኙነታቸውን አቋረጡ። ወዳጅ ተከፍሎም ቅናሽ አልተገኘም፤ በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። የካቲት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ሲወደድ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መስከረም ላይ ጃንሆይ ዙፋኑ ላይ አልነበሩም። ከዙፋኑ የጣላቸው ቤንዚን ብቻ ነው አልልም፤ ረኃቡም ነበር፣ ጦሩም ነበር።

እንግዲህ ግማሹን አምኜልሃለሁ። ግማሹን ግን የምትኖርበትን አገር ጠይቅ፤ በ1982 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሳዳም ታንክ ኩዌት የገባው ሲጠሩት አይደለም፤ ነዳጁ ነው የጠራው። ሊያስወጡት የመጡትም ለአሸዋው ብለው አልመጡም።

አንተስ እንዴት ነህ? ሙቀቱ፣ ሥራው፣ ያ የወገብ ሕመምህ? እናትህ ስልክህን ይጠብቃሉ፤ በተለይ እሑድ ከሰዓት ደውልላቸው፣ ከቤት አይወጡም።

ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቦቴው ሳይደርስ አልቀረም። ሞተሬን ሰው ሳይቀድማት ልሂድ።

ያንተው የአንድ ወንበር ጓደኛ፣
ከአዳማ