እስያውያኑን ከመቁጠር የልጆቻችንን የሒሳብ ክፍል እንጠይቅ

ለአዘጋጁ፦

እዚህ ቨርጂኒያ በፌርፋክስ ካውንቲ ሚድል ስኩሎች የእስያውያን ተማሪዎች ቁጥር እየጨመረ ነው የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ ቡና ላይም ቤተ ክርስቲያን ግቢም ወሬው ይኸው ሆኗል። «ቦታችንን ወሰዱብን» የሚሉም አሉ። የትኛውን ቦታ?

የመንግሥት ሚድል ስኩል ልጅ የሚመድበው በቤት አድራሻ ነው። ሔርንደን አካባቢ የህንድ ልጆች የበዙት ወላጆቻቸው በደለስ መንገድ ዳር ባሉት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስለሚሠሩና እዚያው ሰፈር ስለሚኖሩ ነው። የኛ የኢትዮጵያውያን ልጆችም ቤይሊስ ክሮስሮድስ ላይ የበዙት በዚሁ ምክንያት ነው። ደሞ እስያዊ ተብሎ የሚቆጠረው አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። የህንዱ ኢንጂነር ልጅ አለ። በ1975 እ.ኤ.አ. ሳይጎን ስትወድቅ የተሰደዱት የቬትናሞች የልጅ ልጅ አለ። አናንዴል ምግብ ቤት ስትሠራ የምታመሽ የኮሪያ እናት ልጅም አለ። የሷ ኑሮ ከህንዱ ኢንጂነር ይልቅ ለኛ ይቀርባል።

ወሬውን ያጋጋለው የቶማስ ጀፈርሰን ሃይስኩል፣ ማለትም ተወዳድረው የሚገቡበት የካውንቲው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ጉዳይ ይመስለኛል። ካውንቲው በ2020 የመግቢያ ፈተናውን አስቀርቶ፣ ለእያንዳንዱ ሚድል ስኩል ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹ 1.5 በመቶ የሚሆን ቦታ ያዘ። በመጀመሪያው ዓመት ከተቀበላቸው 550 ልጆች የእስያውያኑ ድርሻ ከ73 ወደ 54 በመቶ ወረደ። የኛ ልጆች የሚቆጠሩባቸው ጥቁሮች ደግሞ ከ10 በታች ነበሩ፣ 39 ሆኑ። አብዛኞቹ እስያውያን የሆኑ ወላጆች ከሰሱ። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለካውንቲው ፈረደ፣ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። እኔ ለውጡን እደግፋለሁ። የከሳሾቹ ቅሬታ ግን ይገባኛል፤ ቅዳሜን ሙሉ ልጅ ጥናት ቤት ሲያመላልስ የኖረ ወላጅ ቢከፋው አይገርምም።

ጽሑፋችሁ ያላነሳው አንድ ነገር አለ። እዚያ ትምህርት ቤት ለማመልከት ልጁ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢያንስ አልጀብራ 1 እየተማረ መሆን አለበት። ያ ካልሆነ 1.5 በመቶ ቢያዝለትም አይጠቅመውም። አልጀብራ ለመግባት ደግሞ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ላይ መዘጋጀት ይፈልጋል። ካውንቲው ለጎበዝ ተማሪዎች ያዘጋጀው ከፍተኛ ደረጃ የሚባለው ፕሮግራም ምልመላ የሚጀምረው ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው። ወላጅ ራሱ ቅጽ ሞልቶ ልጁን ለፕሮግራሙ መጠቆም ይችላል። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ወረቀቱ በልጁ ቦርሳ ሥር ተጨማዶ ይከርማል። አባት ሌሊት ኡበር ነድቶ ጠዋት ይተኛል፣ እናት ኤርፖርት ፈረቃ ላይ ናት። አልፈርድባቸውም፣ እኔም እንደነሱ ነኝ። የኮሪያና የህንድ ወላጆች ግን ይህን ሁሉ እርስ በርስ ይነጋገሩታል። የኛ ጨዋታ የቤት ዋጋና የአገር ፖለቲካ ነው።

ካውንቲው በአማርኛ የሚያስተናግድ የወላጆች የስልክ መስመር አለው። ደውሉ። «ልጄ የትኛው ሒሳብ ክፍል ነው? ከፍ ወዳለው የሚገባው በምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እናንተም ከአሁን ወዲያ የእስያውያኑን ቁጥር ስታወጡ ከጎኑ የመጠቆሚያውን ቅጽ ማስገቢያ ቀን ጻፉልን። የቶማስ ጀፈርሰን ማመልከቻ የሚከፈተው በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ስለሆነ መስከረም ላይ ብታወጡት ይደርሳል።

አንድ ወላጅ
ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ