ስለ በረንዳው፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን የሆቴላችንን የእንጨት በረንዳ ስናፈርስ ቀድመን አልነገርናችሁም። ሰኞ ጠዋት ቡና ልትጠጡ መጥታችሁ ባዶ ግድግዳ ነው የጠበቃችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

«ታሪክ አፈረስሽ» ያላችሁኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ እዚያ በረንዳ ላይ ነው ያደግሁት። እናቴ ጓዳ ስትሠራ እኔ መደገፊያው ሥር ተቀምጬ ፉርጎ እቆጥር ነበር። የባቡሩ ጡሩምባ ከሩቅ ሲሰማ ወጥ ቤቱ ይተራመሳል። ባቡሩ ሳይቆም ሻዩ መፍላት አለበት።

ይህ ቤት ለምን እዚህ እንደቆመም አውቃለሁ። ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሲደርስ 1895 ሆነ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ። አቃቂ ከደረሰ በኋላ እንኳ የቀረውን 23 ኪሎ ሜትር ጨርሶ አዲስ አበባ ለመግባት ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። የገባው በ1909 ነው። ያኔ ባቡሩ በሌሊት አይሄድም። መንገዱ ሦስት ቀን ስለሚፈጅ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ነበር የሚመጣው። በየጣቢያው አጠገብ ሆቴል የበቀለው ለዚህ ነው። የእኛ ቤት አዋሽ ጣቢያ ላይ እንዳለው ሆቴል፣ እንደ ቡፌ፣ ስም አላወጣም። ያደረበት ነጋዴ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። እናቴ ግን አንሶላውን ለሁሉም እኩል ነበር የምታጥበው።

ታዲያ ይህን የማውቅ ሰው በረንዳውን በደስታ አፈርሰዋለሁ?

ክረምት ላይ አንድ የዘወትር ደንበኛችን፣ እንደ አባቴ የማያቸው ሰው፣ ከተደገፉበት እንጨት ጋር ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ። አናጺ ጠራሁ። ቋሚውን በጣቱ ሲነካው እንደ ዱቄት ተበተነ። ምስጥ ውስጡን ጨርሶት ቀለሙ ብቻ ነው የቆመው። የበረንዳው ማገር ከቤቱ ጣሪያ ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱ ቢወድቅ የፊቱን የጭቃ ግድግዳ ይዞት ይሄዳል። ወይ በረንዳው፣ ወይ ቤቱ። ቤቱን መረጥኩ።

«መልሰሽ አትሠሪውም?» ትሉኛላችሁ። እሠራዋለሁ። ግን ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ ቆርቆሮም ምስማርም የሚቀመስ አልሆነም። ጥድ እንጨቱ ብቻ የሁለት ዓመት ትርፋችንን ይበላል። ማኪያቶ ላይ አምስት ብር የጨመርኩት ከዚህ የተነሣ ነው። አልጋዎቹን የዘጋሁትም ወድጄ አይደለም። የድሮው ባቡር ከቆመ ቆየ። በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር በለቡና በእንዶዴ ነው የሚያልፈው። በእኛ ደጅ ሻንጣ ይዞ የሚወርድ ሰው የለም። ስድስት ክፍል አንሶላ እያጠብኩ ባዶ ማሳደር አቃተኝ።

ቦታውን ብቻ ፈልገው የመጡ ገዢዎች ነበሩ። ቤቱን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ብሩ ብዙ ነበር። እምቢ አልኩ። ይህን ያደረግሁት ለእናቴም ለእናንተም ብዬ ነው፤ እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም።

ምስጥ ያልነካቸውን 14 የመደገፊያ እንጨቶች አናጺው መርጦ አውጥቶልኛል። ስድስት ቁጥር ክፍል ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ። የጎደሉትን በእነሱ ልክ ይቀርጻቸዋል። የጎንና የላይኛውን ቅርጽ ለማየት ግን ፎቶ ያስፈልገዋል። በረንዳው ላይ የተነሣችሁት የሠርግ፣ የልደት ወይም የበዓል ፎቶ ካላችሁ እባካችሁ አምጡልኝ። አስገልብጬ ያኔውኑ እመልሳለሁ።

እስከዚያ ግቢው ውስጥ ድንኳን ጥለናል። ወንበሮቹ የድሮዎቹ ናቸው። ቡናውም በእናቴ ጀበና ነው የሚፈላው። ቅር ብሏችሁ የቀራችሁ ብትመጡልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የሆቴሉ ባለቤት
አቃቂ