ጽሑፉ ስም አለው፤ የከተማዎን ስም

ይድረስ፦ በፓኪስታን፣ በሙልታን ከተማ የጥንት መዛግብት ጉዳይ ለሚመለከትዎ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ሻርጃ አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ የሙልታን ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በአካባቢው ቋንቋ በሳራይኪ። ስለ እሱ ጉዳይ በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ጽፌልዎት መልስ አጣሁ። ይህኛውን በገዛ ፊደሌ፣ ሰው ሁሉ እያየ እጽፋለሁ።

በ1947 እ.ኤ.አ. ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ አንድ ሂንዱ ባለሱቅ ወደ ህንድ ሲሰደድ የዱቤ መዝገቡን ለጎረቤቱ፣ ለጓደኛዬ አያት፣ «እስክመለስ አደራ» ብሎ ሰጠው። አልተመለሰም። አደራው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። ጓደኛዬ አምና ለእረፍት ሲሄድ ቢሮዎ አመጣው። ገንዘብ አልጠየቀም፤ የሚያነብለት ሰው ፈልጎ ነው፣ ካልተገኘም ከብል የሚጠበቅበት ቦታ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ሲመለስለት፣ የመጀመሪያው ቅጠል ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የማይታወቅ ጽሑፍ» ተብሎ ተጽፎበታል። ፎቶውን ልኮልኛል። የእስክሪብቶው መስመር የመጀመሪያውን ባለዕዳ ስም ሰርዞታል።

ጥንታዊ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ እንደማይጻፍ ያውቃሉ። እንዴት ዝም አሉ?

ደግሞስ የማይታወቀው ለማን ነው? ስሙ ሙልታኒ ነው! ብራህሚ ከተባለው የጥንት ህንድ ፊደል ዘር የወረደ፣ ላንዳ ከሚባሉት የአካባቢው ፊደላት ወገን የሆነ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ የነጋዴ ፊደል። በ1819 እ.ኤ.አ. በህንድ፣ በካልካታ አጠገብ ሴራምፖር የነበሩ ሚሲዮናውያን አዲስ ኪዳንን አትመውበታል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ 38 ምልክቶቹ ዩኒኮድ፣ ማለት ኮምፒውተርና ስልክ የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ዛሬ ሳራይኪ በዐረብ ፊደል ስለሚጻፍ አንባቢው ተመናምኗል፤ ይህ እውነት ነው። ንባቡም ይከብዳል፤ እኛ ካዕብ፣ ሣልስ ብለን የምንለየውን አይለይም፣ ተነባቢውን ጽፎ ሌላውን ለአንባቢው ይተወዋል። ባለሱቁ ደንበኛውንም ዕቃውንም ስለሚያውቅ አልተቸገረበትም።

አንድ ዓርብ እኔና ጓደኛዬ የፊደሉን ሰንጠረዥ ስልክ ላይ ከፍተን ከፎቶው ጋር አስተያየን። ከአንድ ቁጥር አጠገብ «ግ» እና «ር» አገኘን። ጓደኛዬ ደጋግሞ በአፉ ሞከረው፣ ከዚያ ጮኸ፦ «ጉር!» የሸንኮራ ጥሬ ስኳር ነው። አያቱ ቤት በሻይ ይጠጡት ነበር። ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች ያነበብነውን ቢሮዎ ለማንበብ አልሞከረም።

መዝገቡን መልሰው ይቀበሉት። እያንዳንዱን ቅጠል ፎቶ ያስነሱ፣ ካታሎጉ ላይ «ሙልታኒ» ብለው ያስመዝግቡ። በእስክሪብቶ ለተበላሸውም ቅጠል ለቤተሰቡ በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቁ። መዝገቡ አሁንም እዚያው ከተማዎ ውስጥ፣ በአያትየው ሳጥን ነው ያለው።