ሁለቱንም ሙዪው

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻሽ ላይ ዘርሽን የሚጠይቀውን ሳጥን አንስተሽ «እማዬ፣ ጥቁር ብዬ ብሞላ የሰው ቦታ የምወስድ ይመስለኛል፤ ነጭ ብቻ ብል ደግሞ አንቺን የካድኩ ይመስለኛል» አልሽኝ። በስልክ የመለስኩልሽ ነገር ለራሴም አልጣመኝም። ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

በመጀመሪያ ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። መዋዕለ ሕፃናት ያስመዘገብኩሽ ቀን ፎርሙ ላይ ዘር የሚል ጥያቄ ነበረበት። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ «ነጭ» የሚለው ላይ ብቻ ምልክት አደረግኩ። አባትሽ ነጭ ስለሆነ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። አስተማሪዋ ገና ሳታውቅሽ እንዳትንቅሽ ፈራሁ። በሳምንቱ ልወስድሽ ስመጣ በር ላይ የነበረችው ሴትዮ ሞግዚትሽ መሰልኳትና «እናቷ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። እጄን ይዘሽ ነበር። ያ ፎርም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኔ ራሴ ጥቁር መባልን የለመድኩት እዚህ አሜሪካ ነው። «እኛ እኮ ሀበሻ ነን» እያልን ከጥቁር አሜሪካውያን ራሳችንን የምንለይበት ወሬ እኔንም ይዞኝ ነበር። ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ግን ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጨርሰውታል። ዋሽንግተን፣ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ። ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር የጥቁሩን ሕዝብ ድጋፍ አሰባሰቡ፣ በ1937ም ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የሙያ አባትሽ ናቸው፤ እወቂያቸው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባኪ በሚባለው ክስ የፈረደው በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ጉዳይ ነበር። የካሊፎርኒያው ዴቪስ ከ100 ቦታ 16ቱን ለአናሳ ዘሮች ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ኮታው ቀረ፣ ዘርን ከብዙ ነገሮች እንደ አንዱ ማየት ግን ተፈቀደ። በ2023 ያው ፍርድ ቤት ይሄንንም አነሳው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ምልክት ስላደረግሽ የማንም ቦታ አይሰጥሽም። ፍርድ ቤቱ የተወው አንድ በር አለ፦ አመልካች ዘሯ ሕይወቷን እንዴት እንደነካው መጻፍ ትችላለች። ልፋትሽን እዚያ ላይ አድርጊው።

ምን ልጻፍ ካልሽኝ፣ አያትሽን ጻፊ። አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ከሥራ መውጣት ስላልቻልኩ አንቺ አስተረጎምሽላት። ሐኪሙ ሕመሟ ከአንድ እስከ አሥር ስንት እንደሆነ ጠየቃት። እሷም «ተመስገን፣ ምን እሆናለሁ» አለች። አንቺ ፊቷን አየሽ። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረሽ «ደህና ነኝ ትላለች፤ እኔ ግን ዘጠኝ ይመስለኛል» አልሽው። ይህን ራሷ አያትሽ ናት የነገረችኝ፣ እያለቀሰች።

የዚያን ቀን የኩላሊት ምርመራዋ ውጤት ሁለት ቁጥር ይዞ መጣ፤ አንዱ ለጥቁር፣ አንዱ ለሌላው። ደሙ አንድ ነው፣ ቀመሩ ግን ያኔ ጥቁር ከሆንሽ ቁጥሩን ከፍ ያደርገው ነበር። ኩላሊትሽ ከሌላው ሰው የተሻለ ይመስል ነበር ማለት ነው። በዚህ የተነሳ ስንቱ ጥቁር በሽተኛ ወደ ስፔሻሊስትና ወደ ንቅለ ተከላ ወረፋ ዘግይቶ ደረሰ! የአሜሪካ የኩላሊት ባለሙያዎች ዘር ከቀመሩ ይውጣ ያሉት በ2021 ነው። አንቺ ግን ያኔ፣ ወጥ ቤት ቆመሽ ወረቀቱን እያየሽ «እማ፣ የኔ የትኛው ነው?» አልሽኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኔ ብሆን ሁለቱንም እሞላለሁ። ሊጠቅም በሚችልበት ፎርም ላይም፣ ሊጎዳ በሚችልበትም፣ ሁሌም አንድ ዓይነት መልስ። ቃለ መጠይቅ ላይ «አትመስዪም» የሚል ቢገጥምሽ አትሸማቀቂ፣ አታስረጂም። መመለስ አልፈልግም ማለትም ይፈቀዳል፤ እሱን ብትመርጪ ቅንጣት አላዝንብሽም። እንደ እኔ በፍርሃት እንዳትሞዪው ብቻ። አባትሽንም አማክሪው፣ ግማሹ የሱ ነውና።

የአያትሽ ወረቀት አሁንም ፋይሏ ውስጥ አለ። ሁለቱም ቁጥር ይነበባል። ፎቶ አንስቼ ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ።

እናትሽ