ቆርኪ፣ ባቄላና ካርድ፦ የአይሲቲ ክበብ ዓመት

መስከረም ላይ 31 ልጆች ተመዘገቡ። አብዛኞቹ የመጡት ጌም መስሏቸው ነው። ላብ ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ዘጠኝ ብቻ መሆናቸውን ሲያዩ የቀጠሉት 17 ብቻ ነበሩ። እኔም ብሆን ዓመቱን ሙሉ ስለ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል ስለሚያገናኘው ሳጥን) እናወራለን ብዬ አልነበረም የጀመርኩት።

ታኅሣሥ ላይ ስምንቱ ኮምፒውተሮች ከዘጠነኛው አንድ ፋይል በአንዴ ሊቀዱ ሲሞክሩ ሁሉም ተንቀረፈፉ። አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ "ቲቸር፣ ስዊቹ ፈጣን ነው አላሉንም እንዴ?" አለችኝ። ፈጣንማ ነው። ግን ስምንቱም የሚጠብቁት አንድ በር ነው። የካ አባዶ የሚኖር ሰው ይህን ጠዋት ጠዋት ከመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ያውቀዋል፤ አስፋልቱ ባዶ ቢሆን እንኳ 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ 13ኛው ሆነህ ከደረስክ ቆመህ ትቀራለህ።

የእኛ ላብ ስዊች ቦታ ሲያጣ ዳታውን ይጥለዋል፣ ላኪው ኮምፒውተር ደግሞ እንደገና ይልካል። ሰርቨሮችን የሚያገናኘው ኢንፊኒባንድና ኮምፒውተር ውስጥ ግራፊክስ ካርድን ከፕሮሰሰር ጋር የሚያገናኘው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ግን እንዲህ አይሠሩም። ተቀባዩ "ይህን ያህል ቦታ አለኝ" ሳይል ላኪው አይልክም። ይህ ፈቃድ ክሬዲት ይባላል። ልጆቹ መጀመሪያ የአየር ሰዓት ብድር መስሏቸው ሳቁ። ተራ አስከባሪ መቀመጫ ቆጥሮ ሰው እንደሚለቀው ነው ስላቸው ገባቸው።

ጥር ላይ መብራት ደጋግሞ ስለጠፋ ይህንኑ በጨዋታ ልናየው ግቢ ወጣን። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ጆንያ የለስላሳ ቆርኪ፣ ከድሮ የፈተና ወረቀት የተቆረጠ ካርድ። ቆርኪ ላኪው የሚልከው ጥያቄ ነው፣ ካርድ ክሬዲት ነው። ተቀባዩ ጠረጴዛ ሦስት ካርድ ይሰጥሃል፤ ቆርኪ ስትልክ አንዱን ካርድ አብረህ ትሰጣለህ፣ ተቀባዩ ቆርኪውን ሲያነሳ ካርዱ ይመለስልሃል። ካርድ ከሌለህ ቁጭ በል። አንድም ቆርኪ መሬት አልወደቀም፣ ልጆቹም ጉራቸውን ነዙ።

ከዚያ አንዱን ጠረጴዛ ግቢው ጫፍ ያለው ባሕር ዛፍ ሥር ወሰድኩት። ጉራው ቀዘቀዘ። ላኪው ሦስቱን ካርድ ጨርሶ፣ ተላላኪው ልጅ ሮጦ እስኪመለስ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ተቀባዩም ባዶ ጠረጴዛ ይዞ ቆሟል። መንገዱ ባዶ፣ ሁለቱም ሥራ ፈት! ካርዱን ስምንት ስናደርገው ሥራው ያለማቋረጥ ሄደ። እኔን ሰሌዳ ላይ አንድ ሳምንት የሚፈጅብኝ ነገር ነው፤ ርቀቱ ሲጨምር ወይም ፍጥነቱ ሲጨምር ብዙ ክሬዲት፣ ያንንም የሚይዝ ሰፊ ማቆያ ቦታ ያስፈልጋል።

የዓመቱ ምርጥ ቀን ግን ሁሉም ነገር የቆመበት ነው። የካቲት ላይ መልስ ጨመርን፤ ለእያንዳንዱ ቆርኪ አንድ ባቄላ ይመለሳል። ቆርኪውም ባቄላውም የሚያርፉት እዚያው ሦስት ቦታ ላይ ነበር። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አራቱም ጠረጴዛ በቆርኪ ሞላ። ልጆቹ ባቄላ በእጃቸው ይዘው ተፋጠጡ። መልሱን እንዳያስቀምጡ ቦታ የለም፣ ቦታ እንዲኖር ደግሞ መልሱ መሄድ አለበት። "አንተ አንሳ!" "አንተ መጀመሪያ!" ጥበቃው ጠብ መስሏቸው መጡ። ምንም ሳልናገር ዳር ቆሜ ጠበቅኩ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ከካፌ አራት ሳህን ለምኖ አመጣና "ይሄ የባቄላ ብቻ ነው፣ ቆርኪ አይነካውም" አለ። ተፈታ። ፒሲአይ ኤክስፕረስም ለመልስ የተለየ ክሬዲት የሚይዘው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጥያቄ ተከምሮ መልስ እንዳያግት። (ባቄላው በማግስቱ ንፍሮ ሆኗል፣ ስለዚህ ለመጪው ዓመት አዲስ ይገዛልን።)

መብራቱ ሲመለስ ሁለት የ11ኛ ክፍል ልጆች በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ እንደ ስዊች የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ፤ አራት መግቢያ፣ አራት መውጫ፣ በየመግቢያው አንድ ሰልፍ። የፊተኛው መውጫው ሲያዝበት፣ ኋላው ያለው መንገዱ ክፍት ቢሆንም አብሮ ይቆማል። ፕሮግራሙ ከአቅሙ 65 በመቶ አካባቢ ላይ ቆመ። ልጆቹ ስህተት ፍለጋ ሁለት ሳምንት ኮዱን አገላበጡ፤ እኔም አብሬ። ስህተት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት መግቢያው እጅግ ሲበዛ ይህ አሠራር 58.6 በመቶ ላይ እንደሚቆም በስሌት አሳይቷል፤ ለአራት ደግሞ 65.5 ገደማ ነው። በየመግቢያው ለእያንዳንዱ መውጫ የተለየ ሰልፍ ሲሠሩለት እገዳው ቀረ።

የወላጆች ቀን ላይ ጨዋታውን አሳየን። ተራ አስከባሪ የሆኑ አንድ አባት መሐል ጠረጴዛ ላይ የሚያስተናግደውን ልጅ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና "ልጄ፣ አንተ አጠገብህ ካለው ብቻ ነው የምትቀበለው፤ የዛፉ ሥር ልጅ መቼ ይደርሰዋል?" አሉት። እውነታቸውን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ማናችንም አላየነውም ነበር። ልጁ ትንሽ አሰበና ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው፤ አንዱን ባስተናገደ ቁጥር ጫፉን ወደ ቀጣዩ እያዞረ።