ለደንበኞቻችን፦ በእናታችሁ የባንክ ደብተር ላይ ስላለው ስማችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ደርሳችሁ የመጣችሁ እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ። ዘንድሮ ቀጠሯችሁ ሳይደርስ ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። እዚህ አሜሪካ ታክስ ስንሠራላችሁ «በውጭ አገር የባንክ ሒሳብ አላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን፤ አብዛኞቻችሁም «የለኝም» ትላላችሁ። ለመደበቅ አስባችሁ እንዳልሆነ እናውቃለን። ጥያቄው የራሳችሁን ገንዘብ ብቻ የሚመለከት ስለሚመስላችሁ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ግን ከዚያ የሰፋ ነው። ገንዘቡ የእናንተ ባይሆንም በሒሳቡ ላይ የመፈረም ሥልጣን ካላችሁ ይመለከታችኋል። እናታችሁ «ብታመም አንተ ታወጣልኛለህ» ብለው ስማችሁን ያስገቡበት ደብተር ይቆጠራል። በእናንተ ስም ተከፍቶ ወንድማችሁ በውክልና የሚያንቀሳቅሰው ሒሳብ ይቆጠራል። ቤት ለመግዛት የከፈታችሁት የዲያስፖራ ቁጠባም እንዲሁ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ ሰው የእነዚህ ሁሉ ሒሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር (FBAR) የተባለውን የውጭ አገር የባንክ ሒሳብ ማስታወቂያ ማቅረብ አለበት።

«ለአንድ ቀን» የምትለዋን ልብ በሉልን። በመጋቢት ለቤት ሥራ 12,000 ዶላር አገር ቤት ወዳለው የዶላር ሒሳባችሁ ልካችሁ፣ በግንቦት ገንዘቡ በሙሉ ለሲሚንቶና ለብረት ወጥቶ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩ ባዶ ቢሆንም ማሳወቅ ግዴታ ነው። የሚታየው በዓመቱ ውስጥ የተደረሰበት ከፍተኛ መጠን ነውና። ያ መጠን በብር ከሆነ ወደ ዶላር የሚለወጠው ግን የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለዓመቱ መጨረሻ በሚያወጣው ምንዛሬ ነው። ይህ ለእኛ አገር ሰው ትልቅ ልዩነት አምጥቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ አንድ ሚሊዮን ብር ያለው ሰው ከ17,000 ዶላር በላይ እንዳለው ይቆጠር ነበር። ዛሬ ያው አንድ ሚሊዮን ብር ብቻውን 10,000 ዶላር አይሞላም። ስለዚህ «አሁን አይመለከተኝም» የሚል ደንበኛ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ያለፉት ዓመታት ግዴታው ግን ብሩ ስለረከሰ አይሰረዝም።

ኤፍባር ታክስ አይደለም፤ በማቅረባችሁ የምትከፍሉት አንድም ሳንቲም የለም። ከታክስ ፎርሙ ተለይቶ በኢንተርኔት ይላካል። ጊዜው ኤፕሪል 15 ሲሆን፣ ላልደረሰበት ሰው ማመልከቻ ሳያስፈልግ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል። የሚያሳዝነን ይህን ያህል ቀላል ወረቀት ሲቀር የሚያመጣው መዘዝ ነው። ባለማወቅ ለተደረገ ጥፋት እንኳ ቅጣቱ ከ10,000 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. ባለማወቅ የሚጣለው ቅጣት በየሒሳቡ ሳይሆን በየዓመቱ ማስታወቂያ እንዲቆጠር ወስኗል። ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ነው፤ የአምስት ዓመት ማስታወቂያ ላላቀረበ ሰው ግን አሁንም ከባድ ነው።

ያለፈውን ዘንግታችሁ ከሆነ አትደንግጡ፣ ዝምም አትበሉ። ገቢያችሁን ሁሉ አሳውቃችሁ የቀረው ኤፍባሩ ብቻ ከሆነ፣ የዘገየበትን ምክንያት ገልጾ ማቅረብ ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቅጣት አይከተልም። ያልተገለጸ የቤት ኪራይ ወይም ወለድ ካለ ግን የሦስት ዓመት ታክስና የስድስት ዓመት ኤፍባር አስተካክሎ የሚቀርብበት ሌላ መንገድ አለ። ሁለቱም መንገዶች ክፍት የሚሆኑት የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት (IRS) ቀድሞ ካልጠራችሁ ነው።

ኪራይን ካነሣን፣ አዲስ አበባ ያለው ቤታችሁ ራሱ በኤፍባር አይመዘገብም፤ ኪራዩ ግን እዚህም ገቢ ነው። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ድርብ ታክስን የሚያስቀር ስምምነት የለም። ሆኖም አገር ቤት የከፈላችሁት የኪራይ ገቢ ግብር በፎርም 1116 እዚህ ሊካካስላችሁ ይችላል። ደረሰኝ ከሌለ ግን ማካካሻም የለም። ስለዚህ ወኪላችሁ ግብር በከፈለ ቁጥር የደረሰኙን ፎቶ እንዲልክላችሁ አሁኑኑ ንገሩት።

ለሥራ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሳችሁ ወይም ልትመለሱ ያሰባችሁ አላችሁ። በተከታታይ 12 ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ የኖረ ሰው ለ2025 እ.ኤ.አ. እስከ 130,000 ዶላር የሚደርስ የሥራ ገቢውን ከፌዴራል ገቢ ታክስ ነጻ ማድረግ ይችላል። ነጻ የሚሆነው ግን ፎርም 2555 ሞልቶ ሲጠይቅ ነው፤ «ከገደቡ በታች ነኝ» ብሎ ታክስ አለማሠራት ስሕተት ነው። ኪራይና ወለድ በዚህ አይሸፈኑም። የግል ሥራ ያላችሁ ደግሞ ገቢው ነጻ ቢሆንም 15.3 በመቶው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ክፍያ አይቀርላችሁም፤ ሁለቱ አገሮች በዚህም ላይ ስምምነት የላቸውም።

የግሪን ካርድ ባለቤቶች አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የምትቆዩ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት፣ እዚሁ እያላችሁ፣ የመመለሻ ፈቃድ አመልክቱ። ታክስ ለመቀነስ ብላችሁም «ነዋሪ አይደለሁም» በሚለው ፎርም አትሙሉ፤ መኖሪያችሁን እንደተዋችሁ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብባችሁ ይችላል።

ለቀጠሯችሁ ስትመጡ ስማችሁ ያለበትን የእያንዳንዱን ሒሳብ የባንኩን ስምና አድራሻ፣ የሒሳቡን ቁጥርና በዓመቱ ውስጥ የደረሰበትን ከፍተኛ መጠን ይዛችሁ ኑ። እናታችሁ ጋ ደውላችሁ ስማችሁ የት የት እንዳለ ጠይቋቸው። ባንኩ የዓመቱን የሒሳብ መግለጫ ለመስጠት ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ጥሪውን ለኤፕሪል አታቆዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ባልደረቦቻችሁ
ጥር 2018 ዓ.ም.