ላባዋን የጣለች ዶሮ ሁሉ አልታመመችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ከረማችሁ። ስለ ዶሮ የምትጽፉት ሁሌ በዓል ሲደርስ ነው፤ ዋጋው ስንት ገባ፣ ከየት ገበያ መጣ። እስቲ ዛሬ ደግሞ ከቢላዋ ለጥቂት ስላመለጡ ዶሮዎች ልንገራችሁ።

የምኖረው ኮተቤ ነው። ካቻምና ሚያዝያ ላይ አምስት የ45 ቀን የፈረንጅ ጫጩቶች ገዛሁ። ሻጩ ስለ ክትባቱም ስለ መኖውም በደንብ አስረድቶኛል፤ ስለ ላባ ግን ትንፍሽ አላለም። በአምስት ወራቸው እንቁላል መጣል ጀመሩ፣ ዓመት ሙሉም ዕረፍት አላወቁም። አምና ነሐሴ ላይ እንቁላሉ እየቀነሰ መጣ፤ ፍልሰታ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ጾሙ ተፈትቶ እንቁላል ፍርፍር ያማረን ጊዜ ነው ቤታቸው ባዶ መሆኑን ያየነው። ከዚያ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት መሬቱ በሙሉ ላባ ነው። ሸለምጥማጥ የገባ መስሎኝ ቆጠርኳቸው፤ አምስቱም አሉ፣ ሁለቱ ግን ራቁታቸውን ናቸው።

ጎረቤታችን እማማ አይተው «ልጄ፣ ይሄ ፈንግል ነው፤ ሳይሞቱብሽ አሳርጃቸው» አሉኝ። እንቁጣጣሽ ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። መድኃኒት ቤት ብሄድ ልጁ ዶሮዎቹን ሳያይ አንቲባዮቲክ ሸጠልኝ።

ፈንግል ግን እንዲህ አይደለም። ፈንግል የያዛት ዶሮ አትበላም፣ ትደበታለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሌሎቹን ይዛ ትሄዳለች። የኔዎቹ ይበላሉ፣ ይጭራሉ፣ ይጣላሉ። ቆዳቸው ላይ እንደ እሾህ ያለ አዲስ ላባ ብቅ ብቅ ብሏል። ቅንቅን ነው እንዳልል በክንፋቸው ሥር ገልጬ አየሁ፣ የሚርመሰመስ ነገር የለም።

ለካ ላባ እየቀየሩ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የሆናት ዶሮ ከጭንቅላቷና ከአንገቷ ጀምራ እስከ ጅራቷ ታረግፋለች። ላባ ከ80 በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ያላትን ሁሉ ወደ እሱ ስታዞር እንቁላሉ ይቆማል። ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል። ኢንተርኔት ላይ ቀኑ ሲያጥር ነው ላባቸውን የሚጥሉት ይላል፣ ለፈረንጅ አገር እውነት ነው፤ የአዲስ አበባ ቀን ግን ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ የሚያጥረው አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ዕድሜያቸው፣ ብርዱና የመኖ መቆራረጥ ይብሳል ባይ ነኝ። እኔ ራሴ በዚያ ሰሞን መኖ አጥቼ ሳምንት ሙሉ ፉርሽካ ብቻ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የኔም አለበት።

ያደረግኩት ብዙ አይደለም። የኑግ ፋጉሎውን ጨመር አደረግኩ (ከሻገተ ግን ይደፋል)፣ ምስርና ክክ ቀቅዬ ሰጠሁ፣ ነፋስ በሚገባበት በኩል ጆንያ ወጠርኩ፣ የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድ አስቀመጥኩ። አላቀፍኳቸውም፤ አዲሱ ላባ ውስጡ ደም ስላለ ሲነካ ያማቸዋል። ልጄን ከዚህ መከልከል ከሁሉም ከብዶኝ ነበር። ቶሎ እንቁላል እንዲጀምሩ አምፖል አብሪላቸው ያሉኝም ነበሩ፣ እምቢ አልኩ፣ ይረፉበት።

ለነጋዴ አያዋጣ ይሆናል፣ አልፈርድም። የማይጥል አፍ ሦስት ወር መቀለብ ቀልድ አይደለም፣ በሁለተኛው ዓመትም እንቁላሉ ተለቅ ቢልም ቁጥሩ ያንሳል። ግን መሸጥ ግድ ከሆነባችሁ ባንዴ ራቁቷን የቀረችዋን አትሽጧት፤ ቶሎ ጨርሳ እንቁላል ወደ መጣል የምትመለሰው እሷ ናት። ላባዋን አንድ ሁለት እያለች የምታንቀረፍፈዋ ናት ሰነፏ። ሰው ግን የሚያርደው መልከ ጥፉዋን ነው!

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ የገባበት ግቢ ብዙ ነው። ስንቶቹ በዚህ ዕድሜያቸው «ታመመች» ተብለው ድስት እንደገቡ እንጃ። ከበዓል ገበያው ዘገባ ጎን አንድ የእንስሳት ሐኪም አነጋግሩና ጻፉበት፣ በተለይ ከእንቁጣጣሽ በፊት።

የኔዎቹ አምስቱም አሉ። የመጀመሪያዋ እንቁላል የተጣለችው ኅዳር 16 ነው፣ የነቢያት ጾም በገባ በማግስቱ። ለጾም ያልደረሰው ልጄ ብቻውን በላት።

ከኮተቤ፣ የአምስት ዶሮ እናት